የዳፍንት ሸለቆ እድር

አንድ ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅና ልጀምር። የምነግራችሁ ነገር ለጆሮ አይመችም፤ ከእራት በኋላ ከተሰማ ሆድ ይነፋል፤ ከሁሉ የባሰው ግን የሥራ ፍቅርን ያቀዘቅዛል። ሥራን ከፋፍለው፣ ተራ አስይዘው፣ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ለሚሠሩ ሰዎች ያለኝን አክብሮት የሚያውቅ ያውቀዋል። በመሥሪያ ቤት አንዱ ያየውን ሌላው ሲያጸድቀው፣ በቤተ ሙከራ አንዱ የቀዳውን ብልቃጥ ሌላው ሲያሞቀው፣ እሱ ያሞቀውን ደግሞ ሌላው ሲመዝነው ሳይ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ስለዚህ «ይህ ሰው እኛን ነው የነካው» የሚል ካለ ከወዲሁ ይተወኝ። እኔ የማወራው ስለ አውሬ ነው። ሰው እንዲህ አያደርግም።

ይቅርታዬን ተቀብላችሁ ከሆነ እነሆ።

አንድ ጊዜ፣ ዳፍንት በሚባል ሸለቆ ውስጥ አውሬዎች በጉም ተሸፍነው ይኖሩ ነበር። ጉሙ ጠዋት ከወንዙ ይነሣል፤ ቀን በዛፎቹ ወገብ ላይ ይጋደማል፤ ሲመሽ ተመልሶ ወንዙ ላይ ይተኛል። በዚያ አገር ጎረቤት የሚታወቀው በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነበር።

መኖሩስ ደህና ነበር። የሚያስቸግረው መሞቱ ነው። አንድ አውሬ ሲሞት ሁሉም ግልብጥ ብሎ ይመጣል። ሁሉም ያለቅሳል፤ ሁሉም «መቃብሩን እኔ ልቆፍር» ይላል፤ ከዚያም ሌላው የቆፈረ እየመሰለው ወደ ቤቱ ይገባል። በማግስቱ ሬሳው የለም። አያ ጅቦ ብቻ ከንፈሩን እየላሰ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀብሩ ስላመለጠው እንዴት እንዳዘነ እያወራ ይመጣል።

ይህ ነገር ከማንም በላይ ያስጨነቀው አንበሳን ነበር። አርጅቷል፤ ጥርሱ ረግፏል። በሕይወቱ ማንንም ያልፈራ ጌታ፣ ከሞተ በኋላ ጅብ እንዳይበላው ይፈራ ጀመር። በመጨረሻ ቀበሮን አስጠርቶ አንድ መላ እንዲፈልግለት ለመነው። መለመኑን ለማንም እንዳይናገርም አስጠነቀቀው።

ቀበሮ ጢሙን እየዳበሰ ትንሽ አሰበ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ሁሉም ሁሉን ስለሚሠራ ነው ማንም ምንም የማይሠራው። እድር እናቋቁም። ሥራውን ቆራርጠን ለየአንዱ ቁራሹን እንስጠው።»

እንዲህም ሆነ። ዝንጀሮ ገደሉ ላይ ተቀምጦ ሟች ሲያይ የአጋዘን ቀንድ ጡሩምባውን ይነፋል። ጃርት ጡሩምባውን ሲሰማ መቃብር ይቆፍራል። ፍየል የጃርት አፈር ሲረግፍ ስትሰማ ዋርካው ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። አህያ የፍየል ለቅሶ ሲያበቃ ሬሳውን ተሸክማ ወስዳ ጉድጓዱ ውስጥ ታወርዳለች፤ ስታወርድም አንድ ጊዜ ታናፋለች። ጃርት ማናፋቷን ሲሰማ አፈሩን ይመልሳል። ሁሉም የሚጠብቀው ከእሱ በፊት ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። በጉም ውስጥ ዞሮ ማየት ጊዜ ያባክናልና ዞሮ ማየት ተከለከለ።

የመጨረሻው ሥራ መቃብሩን መጠበቅ ነበር። ቀበሮ ይህን ለጅብ ሰጠው። አንበሳ ደንግጦ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ሌባ በር ላይ ካልተቀመጠ በጓሮ እንደሚገባ አስረዳው። አንበሳም የቀበሮን ጥበብ አደነቀ። እኔም አደንቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ቀበሮ እሱን ጉባኤው ሊበተን ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረው። የተቆፈረ መቃብር ክፍቱን ማደር የለበትም። ክፍቱን ካደረ በሌሊት አፉን ከፍቶ ከሸለቆው አንዱን በስሙ ይጠራል፤ ስሙ የተጠራ ደግሞ አይቀርም። ማን እንደነገረው አልተናገረም። ማንም አልጠየቀውም፤ ሁሉም ቀስ ብሎ ጭራውን ወደ እግሮቹ መሐል ሰበሰበ።

እድሩ ሥራ ሲጀምር የሚያስቀና ሆነ። አንድ አሮጌ ድኩላ ሞተ፤ ጡሩምባው ተነፋ፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሁሉም ነገር አለቀ። ከዚያ አንዲት ጥንቸል ሞተች፤ እሷ እንዲያውም ለምሳ ሰዓት ደረሰች። አህያ በሥራዋ በጣም ትኮራ ነበር። ተራዋ አምልጧት አያውቅም። የሞተ ሁሉ በእሷ ጀርባ ካልሄደ የሄደ አይመስላትም።

እርግጥ ነው፣ በማግስቱ መቃብሩ ትንሽ ጎድጉዶ ይገኛል። ቀበሮ አፈር ሲረጋ እንዲያ እንደሚሆን ይናገራል። ይህን ሲናገር ትንሽ የጉበት ሽታ አፉ ላይ አለ። ግን ሽታ የማን ሥራ እንደሆነ በሥርዓቱ ውስጥ አልተመደበም።

ከዚያ ሣሩ ያማረበት፣ ወንዙ የሞላበት ወራት መጣ፤ ማንም አልሞተም። ጅብ ከሳ። አንድ ጠዋት ቀበሮን ከጉሙ ውስጥ ድንገት ይዞት፣ ጥበቃው ሆዱን እንዳልሞላለት፣ ሥርዓት ተብሎ የማይበላ ነገር አይቶ እንደማያውቅ ነገረው። ጥርሱንም አሳየው። ቀበሮ ታገሥ አለው፤ ሥርዓት ካለ ሬሳ አይጠፋም።

በዚያው ጠዋት አህያ አመድ ላይ ተንከባላ፣ ጀርባዋን አክካ፣ እግሮቿን ዘርግታ ሞቅ ባለው አመድ ውስጥ ዓይኗን ጨፈነች። ጉሙ ላይዋ ላይ አረፈ። ዝንጀሮ ከገደሉ ላይ ቁልቁል ሲያይ አመድ የለበሰ፣ የማይንቀሳቀስ፣ አራት እግሩን የዘረጋ ነገር አየ። እርግጠኛ አልነበረም። በዚያ የሚያልፈውን ቀበሮን ጠርቶ አማከረው።

ቀበሮ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ። የአህያዋ ጆሮ ዝንብ ሲያባርር አየ።

«አንተ ምን አየህ?» አለው።

«የሞተች ትመስላለች።»

«ማየት የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያ ለምን እኔን ትጠይቀኛለህ፣ ጋሼ ዝንጀሮ? እኔ በሰው ሥራ አልገባም።»

ዝንጀሮ አፈረ። ጡሩምባውን አንሥቶ ነፋ።

ድምፁ ጉሙን እየሰነጠቀ ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ። አህያ ከእንቅልፏ ነቃች። ማን ሞቶ ይሆን ብላ አዘነች፤ አመዱን ከላይዋ አራግፋ፣ ተራዋ እንዳያመልጣት ወደ ዋርካው ፈጠን ፈጠን አለች። በመንገዷ የጃርት አፈር ሲረግፍ ሰማች። ሥራው በደንብ እየሄደ ነው ብላ ተደሰተች።

ዋርካው ሥር ፍየል ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ሙሾ ታወርዳለች፦

«ስንቱን ተሸክመሽ ስንቱን አደረስሽ፣
ዛሬ አንቺን፣ አህዪት፣ ማን ነው የሚያደርስሽ»

አህያ ሙሾው ልቧን ነካው። ትንሽ አልቅሳ እንባዋን ከጠረገች በኋላ ነው ነገሩ የገባት።

«እመት ፍየል» አለች፣ «እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?»

ፍየል አንድ ዓይኗን ከፈተች።

«እቴ፣ እኔ አልቃሽ ነኝ እንጂ ገዳይ አይደለሁም። የሰማሁት የጃርትን አፈር ነው። እሱን ጠይቂው።» ይህን ብላ ዓይኗን መልሳ ጨፈነችና ካቆመችበት ቀጠለች።

አህያ ወደ ጃርት ሄደች። ጃርት እንደ ልማዱ ጀርባውን ለጉድጓዱ ሰጥቶ በኋላ እግሩ አፈር ይበትናል። አለመሞቷን ነገረችው። ዞሮ አላያትም፤ ሳይዞር ግን በትሕትና መለሰላት። እሱ የሰማው ጡሩምባ ነው፤ ጡሩምባ ሰምቶ ያልቆፈረ ጃርት ደግሞ ጃርት አይባልም። ጉድጓዱ ግን እንዲመቻት ትንሽ ሰፋ አድርጎ እንደቆፈረው ጨመረላት። አመሰገነችው።

ገደሉን ወጥታ ዝንጀሮ ዘንድ ደረሰች። ዝንጀሮ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ በጣም አዘነላት። አዎ፣ በሕይወት ያለች ትመስላለች። ታዲያ ምን ያድርግ? ድጋሚ ቢነፋ ሌላ አንድ ሞተ ማለት ይሆናል፤ ያኔ ጃርት ሌላ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እሱን ደግሞ ማን ይሞላዋል?

«እህቴ» አላት፣ «ጡሩምባ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ አይነፋም።»

አህያ መጨረሻ ላይ አንበሳ ፊት ቀረበች። ተንበርክካ፣ ሣር እንደምትበላ፣ እንደምትተነፍስ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳን እንዳነጠሰች እየዘረዘረች አስረዳች። አንበሳ መዳፉን አፍንጫዋ ላይ አደረገ። ሞቃት ነው። ይልቀቋት ሊል አፉን ሲከፍት ቀበሮ ጆሮው ሥር ተጠጋ።

እውነት ነው፣ በሕይወት አለች አለው። ግን ጉድጓዱ ተቆፍሯል። እሷ ካልገባች ክፍቱን ያድራል። በሌሊት አፉን ከፍቶ ስም ሲጠራ ማንን የሚጠራ ይመስልዎታል? መቼም ከትንሹ አይጀምርም። ደግሞስ ዛሬ ሥርዓቱ ከተጣሰ፣ ነገ የጌታዬ ቀብር እንዴት ይሆናል?

አንበሳ መዳፉን ከአፍንጫዋ ላይ አነሣ። ፊቱን ወደ ጉሙ አዞረ።

«ልጄ» አላት፣ «ሥርዓት ነው።»

አህያ ወደ ዋርካው ተመለሰችና ተራዋን ጠበቀች። ሌላ የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም። ከሙሾው መሐል ስሟ ሲጠራ ጆሮዋ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወድቃል።

ቀበሮ በዚህ መሐል ጅብን ፈልጎ አገኘውና ዛሬ የሚመጣው ትኩስ እንደሆነ፣ ጉበቱን ግን እንዳይረሳ ነገረው። ጅብ ምራቁን ዋጠ። ብቻውን ሲቀር ማሰብ ጀመረ፤ ይህ ደግሞ በእሱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም። ተቀብራ፣ አፈር ተመልሶ፣ ሁሉም ሄዶ፣ ከዚያ እንደገና አፈሩን ቆፍሮ? ያ ሁሉ ድካም ለምን? ተራዬን ከምጠብቅ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ አፌን ከፍቼ ብጠብቅ ራሷ ትወድቅልኝ የለ? ጃርት ጀርባውን እንደሰጠ፣ ጅብ በጉሙ ውስጥ በሆዱ ተስቦ ሄዶ ጉድጓዱ ውስጥ ተንሸራተተ።

የፍየል ለቅሶ አበቃ።

አህያ ተነሣች። ሬሳ እንደጫነች ሁሉ ጀርባዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳይወድቅባት ቀስ እያለች መሄድ ጀመረች። ጉሙ ከፊቷ ይከፈታል፤ ከኋላዋ ይዘጋል። የራሷ ኮቴ ድምፅ የሌላ አህያ ኮቴ መሰላት፤ አንዳንዴ እሷ ስትቆምም የማይቆም መሰላት። ጉድጓዱ አፋፍ ስትደርስ ከታች ትንፋሽ ሰማች። ሞቃት፣ ከባድ፣ የሚሸት ትንፋሽ ነው። መሬት ራሱ እየተነፈሰ መሰላት። ስሟን እስኪጠራት ጠበቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷም አላወቀችውም። ስንቱን ተሸክማ የመጣችበት ቦታ ነው፤ እግሮቿ እሷን ሳያማክሩ የለመዱትን አደረጉ። ዞረው ጀርባዋን ለጉድጓዱ ሰጡ፤ ወገቧን ዝቅ አደረጉ፤ ያልነበረውን ጭነት አራገፉ። አፏ ተከፈተና አንድ ጊዜ አናፋች። እግሮቿም ወደ ቤት መንገድ ይዘው ሄዱ።

ጃርት ማናፋቷን ሰማ። አፈሩን መመለስ ጀመረ።

«አልሞትኩም!» አለ ከጉድጓዱ አንድ ድምፅ።

ጃርት ራሱን ነቀነቀ። ምስኪን፣ ጠዋትም ይህንኑ ስትል ነበር፤ አሁንም አልተወችውም። ድምፅዋ ጎርነን ማለቱን ልብ ሳይል አልቀረም፤ ግን አፈር የገባበት ጉሮሮ እንዲያ ሊሆን ይችላል። ቶሎ እንድታርፍ ብሎ እግሩን አፈጠነ። ድምፁ እያነሰ፣ እየራቀ፣ ወደ ታች እየወረደ ሄደ።

ዋርካው ሥር ንፍሮ ቀርቦ ሐዘንተኛው ሁሉ ከብቧል። አህያ መጥታ ቦታዋ ላይ ቆመች። ማንም አልደነገጠም፤ ተሸካሚ ሥራውን ሲጨርስ ንፍሮ ይበላል። ዝንጀሮ እግዜር ያጽናሽ አላት። ፍየል ከማንም በላይ ለሟቿ ቅርብ እሷ ናት ብላ የመጀመሪያውን እፍኝ ሰጠቻት። አህያ አመስግና ተቀበለች፤ ቀስ እያለች፣ ጥርሷን እያሰማች አኘከች። ቀበሮ ብቻ አፉ ውስጥ ያለውን ንፍሮ መዋጥ አቃተው።

ያን ጊዜ ነው ከመሬት ሥር የመጣው።

«ቀበሮ...»

ሁሉም ማኘክ አቆመ።

«አንተ ቀበሮ...»

ድምፁ ከሩቅ፣ ከሥር፣ ከእግራቸው በታች ነበር። መሬት ስም እንደሚጠራ የነገራቸው ማን እንደሆነ ሁሉም አስታወሰ። አንድ በአንድ ዞረው አዩት፤ በዳፍንት ሸለቆ ዞሮ ሲታይ የመጀመሪያው ነው።

ቀበሮ፣ ስሙን የሚጠራው መሬቱ ሳይሆን ጅብ እንደሆነ፣ ቆፍረው ቢያዩ እንደሚያገኙት ምሎ ተገዘተ። ዝንጀሮ በጥሞና ሰማው። ከዚያ ለጅብ ጡሩምባ እንዳልተነፋ አስረዳው። ያልተነፋለት አልሞተም፤ ያልሞተ አይቀበርም፤ ስለዚህ ጅብ መቃብር ውስጥ ሊኖር አይችልም። ስሙ የተጠራ ግን አይቀርም ተብሏል። ይህን ብሎ የአጋዘኑን ቀንድ ወደ አፉ አነሣ።

«ዝንጀሮ፣ ተው» አለ ቀበሮ። «አሁኑኑ አውርደው።»

ጡሩምባው ተነፋ። ዝንጀሮ ከንፈሩን ጠርጎ ይቅርታ በሚለምን ዓይን አየው።

«ወደ ውስጥ አይነፋም፣ ወንድሜ።»

የጃርት አፈር ይረግፍ ጀመር። ፍየል ዓይኗን ጨፍና የቀበሮን ብልሃት፣ የቀበሮን ጢም፣ የቀበሮን አነጋገር እያነሣች ማልቀስ ጀመረች። ቀበሮ ሮጠ። በጉሙ ውስጥ ወደየትም ቢሮጥ ሙሾው ከፊቱ ይመጣል። ክብ ዞሮ ከአንበሳ ጋር ተጋጨ። አንበሳ መዳፉን ጭራው ላይ አሳረፈበት፤ በእርጅና ክብደት፣ ያለ ቁጣ።

«ልጄ» አለው፣ «ሥርዓት ነው።»

ለቅሶው ሲያበቃ አህያ መጥታ ጀርባዋን ዝቅ አደረገችለት። ተሸክማው ሄደች። ጉድጓዱ አፋፍ ስትደርስ ዞረች፣ ወገቧን ዝቅ አደረገች፣ አወረደችው። ጃርት ጀርባውን ሰጥቶ፣ አፈሩ ላይ እግሩን አሳርፎ፣ ጆሮውን ቀስሮ ማናፋቷን ይጠብቃል። ቀበሮ ከሥር ሆኖ ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«አህዪት፣ እህቴ። እባክሽ አታናፊ።»

አህያ ብዙ ቆመች። የምታስበው ነገር ካለ ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። በአፏ የቀረውን ንፍሮ አኝካ ዋጠች።

«ስጨርስ አናፋለሁ» አለችው። ሳታናፋም ወደ ቤቷ ሄደች።

ቀበሮ ይኸው እስከ ዛሬ በጉድጓድ ውስጥ ያድራል። መቃብሩ ክፍቱን እንዳያድር አንበሳ አጥብቆ ስላዘዘ፣ ሲመሽ ራሱ ገብቶ ይሞላዋል፤ ሲነጋ ግራ ቀኝ አይቶ ይወጣል። አህያ ግን አህያ ናት፤ አንዳንዴ ለሣር፣ አንዳንዴ ለውኃ፣ አንዳንዴም ለምንም ሳይሆን ታናፋለች። ባናፋች ቁጥር ቀበሮ ከጉድጓዱ ዘሎ ወጥቶ ጀርባው ላይ አፈር እንዳለ እንደሌለ ይዳስሳል። ጅብ ደግሞ በሥርዓቱ መሠረት ስላልሞተ፣ የሸለቆው ሰላምተኛ ሁሉ ጠዋት ጠዋት በዚያ አፈር ክምር በኩል ሲያልፍ «አያ ጅቦ፣ እንደምን አደርክ?» ሳይል አያልፍም። ጉም በበዛበት ጠዋት መልስ ይሰማል ይባላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራን ከፋፍሎ በተራ መቀባበል ያማረ ቢሆንም፣ ከተቀባዮቹ አንዱ እንኳ ዞር ብሎ «የሞተው ማነው?» ብሎ የሚያይ ካልሆነ፣ ሥርዓቱ የጀመረውን ሳይቀብር እንደማያርፍና ተራው ሲደርስ ሥርዓቱን ያወጣውንም እንደማይለይ ነው።

አደራ፣ ይህን ለማንም አትድገሙት፤ በተለይ የዛሬው ዓይነት ጉም በወረደበት ቀን፣ የምታናፋ አህያ በአቅራቢያ ካለች፣ ስሜን አንሥታችሁ እንዳትጠሩኝ።